የዘጠነኛው ቀን አረንጓዴ

በሠላሳው ቀን ውስጥ ሥጋ የቀመስኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሱንም ቆሜ፣ መብራት ሳላበራ፣ በተከፈተ ፍሪጅ ብርሃን። የበግ ሥጋ ነበር፤ ቀዝቅዞ ስቡ እንደ ሻማ የነጣ። እውነቱን ለመናገር አልጣፈጠኝም። ጣቴን ልሼ፣ ዕቃውን እንደነበረ ከድኜ ተኛሁ። ጠዋት ገና ከአልጋ ሳልወርድ ስልኬን ከፈትኩና በጋራ ሠንጠረዣችን ላይ ከስሜ ትይዩ ያለችውን የዘጠነኛውን ቀን ሣጥን አረንጓዴ ቀባኋት።

ስለ ላምና ምድርን ስለሚያሞቀው ሚቴን ስለተባለው ጋዝ የምለው አለኝ፤ እሱ ይደርሳል። እስካሁን የምትከነክነኝ ግን ያቺ ሣጥን ናት።

ነገሩን የጀመረችው አብራኝ የምትሠራ ልጅ ናት። ምሳ በልተን እንደተቀመጥን፣ ስለ ሙቀቱና ስለ ዝናቡ መዛባት እንደ ልማዳችን ስናማርር ሰማችንና፣ "ሁልጊዜ ከምናወራ ለአንድ ወር ሥጋ ብንተውስ?" አለች። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ለብቻው ሲያስበው ነገ ዛሬ እያለ ይረሳዋል። በሰው ፊት ሲጠየቅ ግን እምቢ ማለት ያሳፍራል። አሥራ አንድ ሆንን። ደንቡ አጭር ነበር፦ ለ30 ቀን የማንኛውም እንስሳ ሥጋ የለም፣ ዓሣም የለም፤ ወተት፣ አይብና እንቁላል ይፈቀዳል። ማታ ማታ ሁሉም ሰው በጋራ ኤክሴል ፋይል ላይ ቀኑን ይቀባል፤ ከታቀበ አረንጓዴ፣ ከበላ ቀይ። ሽልማትም ቅጣትም የለም። አንዱ ከሠንጠረዡ አናት ላይ "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ብሎ ጻፈበት።

"ፕላስቲክ ብንተው አይሻልም?" ያለም ነበር። ለምን ሥጋ እንደሆነ ለመረዳት እኔ ራሴ ሁለት ሦስት ማታ ማንበብ ነበረብኝ።

የከብት ነገር ሲነሳ እንደ ብዙ ሰው ጋዙ ከኋላ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። አብዛኛው የሚወጣው ግን በአፍ ነው፤ በግሳት። ላም፣ በግና ፍየል ያመሰኳሉ። ሆዳቸው አራት ክፍል አለው፤ ትልቁ ክፍል አየር የማይገባበት የመጥመቂያ በርሜል በሉት። እዚያ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን እኛ ልንፈጨው የማንችለውን ሣርና ገለባ ያብላሉታል። ሲብላላ ሃይድሮጂን ይወጣል፤ ሌሎች ጥቃቅን ፍጥረታት ደግሞ ይህን ሃይድሮጂን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር አጋጥመው ሚቴን ያደርጉታል። ላሚቱ ታገሳለች፣ ሚቴኑ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ከአንድ ትልቅ ላም በዓመት መቶ ኪሎ ግራም ገደማ። ሣርን ወተትና ሥጋ የማድረግ ተአምር ዋጋው ይኼ ነው። የላሚቱ ጥፋት አይደለም። ብዛቷን የወሰንነው እኛ ነን፦ በ1961 ዓለም በዓመት ያመርት የነበረው ሥጋ 70 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ350 ሚሊዮን ቶን በላይ ነው።

የሚቴን ጠባይ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለያል። አየር ላይ የሚቆየው 12 ዓመት ገደማ ነው። በቆየበት ጊዜ ግን ክፉ ነው፤ በ20 ዓመት ሲሰላ እኩል ክብደት ካለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይልቅ 80 እጥፍ ያህል ሙቀት ያምቃል። ዛሬ ከምንለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከፊሉ የልጅ ልጆቻችንን ዕድሜ አልፎ ይቆያል፤ ሚቴን ላይ የቀነስነውን ግን ውጤቱን በቁማችን እናየዋለን። በ2021 ግላስጎው ላይ ከመቶ የሚበልጡ አገሮች እስከ 2030 ድረስ የሚቴንን ልቀት በጋራ ቢያንስ 30 በመቶ እንቀንሳለን ብለው ቃል የገቡት ለዚህ ነው። እኔን ያሳመነኝም ይኼው የጊዜው ማጠር ነው። ውጤቱን ሳላየው ከምሞተው ነገር ይልቅ የማየው ነገር ያጓጓኛል፤ ሰው ነኝና።

ሁሉም እንደኔ በቀላሉ አልተረታም። ከአሥራ አንዳችን በዕድሜ የሚበልጡት የሂሳብ ክፍል ባልደረባችን ናቸው፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። መጀመሪያውኑ የገቡት ሊከራከሩን ይመስላል። "በ2006 የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ሰው ከሚለቃቸው ምድርን ከሚያሞቁ ጋዞች የእርባታ እንስሳት ድርሻ 18 በመቶ ነው፣ ከመኪናና ከአውሮፕላን ይበልጣል አለ። በኋላ ተነቀፈ። ታውቃላችሁ?" አሉን። እውነታቸውን ነው። በዚያ ሪፖርት የእንስሳቱ ሂሳብ ሲሠራ ከመኖ እርሻው ጀምሮ ደኑ እስከመመንጠሩ ሁሉም ተቆጠረ፤ የመኪናው ሂሳብ ሲሠራ ግን ከጭስ ማውጫው የወጣው ብቻ ነው የተያዘው። ንጽጽሩ ሚዛኑን የሳተ መሆኑን ከአዘጋጆቹ አንዱም አምኗል። በ2013 ድርጅቱ እንደገና አስልቶ 14.5 በመቶ አለ፤ በ2023 ደግሞ 12 በመቶ ገደማ።

"እያነሰ ነው የሚሄደው። ትንሽ ብንታገስ ዜሮ ይገባል፣ ያኔ በሰላም እንበላለን።" ይኼን ብለው ሳቁ፤ እኛም ሳቅን። የስሌቱ ዘዴ እየተለወጠ፣ የሌላው ዘርፍ ልቀትም እያደገ በመቶኛው ቢቀንስ እንኳ፣ የ2023ቱ ስሌት በቶን ሲነገር በዓመት ከ6 ቢሊዮን በላይ ነው። ጋሼ ይህን ከኔ ቀድመው ያውቁታል። የሂሳብ ሰው ናቸው፤ የተጣራ ቁጥር ብቻ ነው የሚፈልጉት። የመጀመሪያዋን አረንጓዴ የቀቡትም እሳቸው ነበሩ።

የመጀመሪያውን ሳምንት በአይብ ነው የተሻገርኩት። ጠዋት አይብ በዳቦ፣ ምሳ አይብ በፓስታ፣ ማታ ድካም ሲመጣ ደግሞ አይብ ብቻውን። ሣጥኖቼ በተርታ አረንጓዴ ሆኑ፤ ኮራሁም። በስድስተኛው ቀን ያቺው ነገሩን የጀመረችው ልጅ በ2018 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ላከችልን። ፑርና ኔሜቼክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ119 አገሮች ከሚገኙ 38,700 ያህል እርሻዎች የተሰበሰበ መረጃ አዳምረው የሠሩት ነው። ለሥጋ ከሚረቡ ከብቶች የሚገኝ 100 ግራም ፕሮቲን ሚቴኑም ሌላውም ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተመንዝሮ ሲሰላ፣ በአማካይ 50 ኪሎ ግራም ያህል ያስወጣል፤ ያው 100 ግራም ፕሮቲን ከአተር ሲገኝ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ሥጋው ከቅርብ መጣ ከሩቅ ለውጡ ጥቂት ነው፤ ከከብት ሥጋ ልቀት የማጓጓዣው ድርሻ አንድ በመቶ አይደርስም። ይኼንን ሁሉ እየተደሰትኩ አነበብኩ። ከዚያ ዓይኔ አይብ ላይ አረፈ። አንድ ኪሎ አይብ ከአንድ ኪሎ የዶሮ ሥጋ ከሁለት እጥፍ በላይ ይበክላል።

ለካ አንድ ኪሎ አይብ ለመሥራት አሥር ኪሎ ያህል ወተት ይፈልጋል፤ ወተቱም የሚመጣው ከዚያችው ከምታገሳው ላም ነው። ዶሮ አታመሰኳም። ስድስት ቀን ሙሉ ደንቡን አክብሬ፣ ደንቡ የወጣለትን ነገር ጥሼ ነበር። ሣጥኖቹ ግን ሁሉም አረንጓዴ ናቸው። ቀለምና እውነት የተለያዩብኝ መጀመሪያ እዚያ ላይ ነው። ያኔ ግን ቢያንስ ሳላውቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ወጥ ቤት ገባሁ፤ በደንብ። የሽንብራ ነገር ማንም አልነገረኝም ነበር። ማታ በጎድጓዳ ሳሕን ውኃ ውስጥ ትዘፈዝፈዋለህ፤ ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ ጆሮህን ብታስጠጋ ውኃውን ሲጠጣ ጥቃቅን የቅርፊት ድምፅ ትሰማለህ። ጠዋት እጥፍ ሆኖ፣ ከሳሕኑ አፍ በላይ ቁልል ብሎ ይጠብቅሃል። ቆንጠጥ ያለ ሶዳ ከጨመርክበት ሲቀቀል በጣት ተጭነህ ታፈርጠዋለህ። ሁለቴ አሳርሬዋለሁ፤ አንዴ ደግሞ ሳልዘፈዝፍ ጥጄው እኩለ ሌሊት ድረስ ድንጋይ እንደሆነ ቀረ።

ሥጋ ሥጋ የሚለኝ አምሮት ምን እንደሆነ የገባኝ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የናፈቀኝ ሥጋው ሳይሆን ጠይም ብሎ የተጠበሰው ገጽታው ነበር። ፕሮቲንና ስኳር በእሳት ሲገናኙ ያን ቀለምና ሽታ የሚያመጣውን ለውጥ ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ካሚል ማያር በ1912 ገልጾታል፤ እስካሁን በስሙ ይጠራል። አፍን ሞልቶ ምላስ ላይ የሚቆየውን ጣዕም ደግሞ ጃፓናዊው ኪኩናኤ ኢኬዳ በ1908 ከባሕር አረም መረቅ ለይቶ አውጥቶ ኡማሚ አለው፤ ምንጩ ግሉታሜት የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ሁለቱም የሥጋ ብቻ አይደሉም። ሽንኩርቱን ሳትቸኩል ቡና መልክ እስኪይዝ አቁላላው። የቲማቲም ድልሁን ዘይት ውስጥ እስኪጠቁር ጥበሰው። እንጉዳዩን ያለ ዘይት፣ በጋለ መጥበሻ፣ ውኃውን እስኪጨርስ ተወው። ይኼ ሁሉ ምስር ላይ ሲገለበጥ "ሥጋው የት አለ?" የሚል ሰው በቤቴ አልተገኘም። በአሥር ቀን የተማርኩት ነገር በአሥር ዓመት ካበሰልኩት ይበልጣል።

የጤናው ነገር ብዙ ያስወራል፤ ለአንድ ወር ግን ለጤነኛ ሰው ያን ያህል የሚያሳስብ አይደለም። ቫይታሚን ቢ12 ከዕፅዋት አይገኝም፤ ሆኖም ጉበት ለዓመታት የሚሆን ያከማቻል፣ ወተትና እንቁላልም አልተውንም። ወተቱንም እንቁላሉንም ለሁልጊዜ የሚተው ሰው ግን እንክብሉን መውሰድ አለበት፤ ይህ ክርክር የለውም። የጥራጥሬ ብረት በቀላሉ ስለማይዋጥ ሎሚ መጭመቅ፣ ሻይን ከምግቡ ማራቅ ይረዳል።

እማዬ ደወለች፤ አንድ ሰው ነግሯት። "አሞሃል እንዴ ልጄ?" አለችኝ። ጤነኛ መሆኔን፣ ስለ አየር ንብረቱ እንደሆነ፣ ከላሞች ግሳት ጀምሬ አስረዳኋት። ዝም ብላ ሰማችኝ። "እና ላሚቱ ስላገሳች አንተ ትራባለህ?" አለች። ለዚህ ጥያቄ እስካሁን መልስ የለኝም። እሷ ልጅ ሳለች ሥጋ ማለት ሲገኝ የሚበላ ነገር ነበር፤ እኔ ደግሞ ሲገኝ ልተወው ነው። መተው ምርጫ ያለው ሰው ነገር መሆኑን ከዚያች ስልክ ወዲህ አልረሳሁትም። ከሣር በቀር ምንም በማይበቅልበት ምድር ከብቱን ይዞ የሚኖር ሰው፣ ወይም ከወተት ሌላ ፕሮቲን የማያገኝ ሕፃን፣ በዚህ ሠንጠረዥ ላይ ሣጥን የለውም፤ ሊኖረውም አይገባም።

ዘጠነኛው ቀን የመጣው በዚህ መካከል ነው። ምንም የተለየ ነገር አልነበረም። ቤት ያሉት ሰዎች ለራሳቸው በግ ጠብሰው ተርፏል። እኔ ምስሬን በልቼ ጠግቤያለሁ። ሌሊት ውኃ ልጠጣ ተነሳሁና ዕቃውን አየሁት። ረኃብ ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር። ማንም አለማየቱ ነው የጋበዘኝ። ጠዋት ቀይ መቀባት አንዲት የጣት ንክኪ ነበረች። አሥሩ ሰዎች ሲያዩኝ ታየኝ፤ በተለይ ስምንት ቀን አንድም ቀይ ያልነበረበት ተርታዬ። አረንጓዴውን ነካሁ።

ከዚያ በኋላ የገረመኝ ነገር፣ ደንቡን ይበልጥ ማጥበቄ ነው። አይብ ጨርሼ ተውኩ። ምሳ ላይ የሰው ሳሕን መገምገም ጀመርኩ። "እንቁላሉ ራሱ እኮ..." እያልኩ ያስቸገርኳቸው ቀናት ነበሩ። ያልከፈለ ዕዳ ያለበት ሰው ስለ ቁጠባ ሲመክር ሰምታችሁ ታውቁ ይሆናል።

በአሥራ አራተኛው ቀን ጠዋት ሠንጠረዡን ስከፍት ከጋሼ ስም ትይዩ ደማቅ ቀይ ተቀምጧል። ከጎኑ ማስታወሻ አለ፦ "ትናንት ማታ ዶሮ በላሁ። ሁለት ብልት። በጣም ይጣፍጥ ነበር።"

ሁላችንም ሳቅን። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ግን ሌላ ነገር ሆነ። ያለፉት ቀናት ሣጥኖች አንድ በአንድ መልካቸውን ለወጡ። የሦስተኛው ቀን የአንዱ፣ የሰባተኛው የአንዷ፣ የአሥራ አንደኛው የሁለት ሰዎች። ከአረንጓዴ ወደ ቀይ። ለካ ሠንጠረዡን በውሸት የቀባሁት እኔ ብቻ አልነበርኩም። ስልኬን ይዤ ተቀምጬ ሲቀየሩ አየሁ። ዘጠነኛዋን አልነካኋትም። እንግዲህ ሁሉም በአንድ ቀን ከተናገረ የኔ መናገር ምን ይጨምራል፣ አልኩ። ምክንያት አይጠፋም።

በኋላ ግሬግ ስፓርክማንና ግሪጎሪ ዋልተን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2017 ያወጡትን ጥናት አገኘሁ። በአንድ ዩኒቨርሲቲ ካፌ ምሳ ለመግዛት የተሰለፉ ሰዎችን በወገን በወገን ከፈሏቸው። ለአንዱ ወገን "አንዳንድ ሰዎች ሥጋ ይቀንሳሉ" የሚል አስነበቡ፤ ለሌላው ደግሞ "አንዳንድ ሰዎች ሥጋ መቀነስ ጀምረዋል" የሚል። ልዩነቱ "ጀምረዋል" የምትለዋ ናት። ከመጀመሪያዎቹ 17 በመቶው ሥጋ የሌለበት ምሳ አዘዙ፤ ከሁለተኛዎቹ 34 በመቶው። እጥፍ። ሰው ሰዉ ያለበትን ቦታ ብቻ ሳይሆን የሚሄድበትን አቅጣጫም አይቶ ይከተላል።

ይህን ሳነብ ሎሚው ትዝ አለኝ። ሃምሳው ሰው አንድ አንድ ሎሚ ይዞ ሲሄድ ጌጥ ነው፤ ጥሩ። ከሃምሳው አንዱ ሎሚውን ቁጥቋጦ ሥር ጥሎ፣ ባዶ እጁን ጨብጦ አብሮ ቢሄድስ? ተረቱ ስለዚህ ሰው ምንም አይልም። የበላሁት ሥጋ ለዓለም ሙቀት ኢምንት ነው። የቀሩት ሰዎች የእኔን ተርታ አይተው "ይቻላል ማለት ነው" ብለው ማታቸውን የተሻገሩበት ነገር ግን ሐሰት ነበር። አንዷ ልጅ በአራተኛው ቀን፣ አንድ ልጅ በስድስተኛው ቀን ከነጭራሹ ወጥተዋል፤ ቀይ ሣጥን የሚያሳፍር ስለመሰላቸው እንደሆነ ኋላ ነግረውኛል። ያኔ አንድ ቀይ አይተው ቢሆን ይቆዩ ነበር ይሆን? ይህን ማንም አይነግረኝም።

ዘጠነኛዋን ቀይ ያደረግኳት በሠላሳኛው ቀን ሌሊት ነው። ማስታወሻ አልጻፍኩም።

ወሩ ሲያልቅ ምሳ ላይ ተሰበሰብን። ጋሼ ወረቀት ይዘው መጡ። መጀመሪያ ሁላችንም የምንጠብቀውን ነገሩን፦ እያንዳንዳችን ቀደም ሲል በወር አንድ ኪሎ ተኩል የከብት ሥጋ እንበላ ነበር ብንል፣ ለአሥራ አንድ ሰው 16.5 ኪሎ፤ ለኪሎ በመካከለኛው ግምት 60 ኪሎ ግራም ልቀት ሲሰላ ወደ አንድ ቶን። "ይኸውም የወጡትን ሁለቱን እንዳልወጡ፣ ከብቱንም ለሥጋ የረባ አድርጌ ነው። ከወተት ላም ከሆነ ያንሳል" አሉ። አንድ መንገደኛ አትላንቲክን ተሻግሮ ደርሶ መልስ ሲበር ድርሻው ከዚህ ብዙም አይርቅም። አሥራ አንድ ሰው፣ ሠላሳ ቀን፣ አንድ የአውሮፕላን ወንበር። የሳቀም ያዘነም ነበር። ያቺ ልጅ ግን "ስለዚህ አንድ ወር አይበቃም ማለት ነው" ብላ ከሳሕኗ መብላት ቀጠለች። እሷ እስከ ዛሬ ወደ ሥጋ አልተመለሰችም። እኔ በሳምንት አንዴ እበላለሁ፤ የከብት ሥጋ ከስንት አንዴ ነው።

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ወደ ሁለተኛው ገጽ ገለበጡ። "የሣጥኖቹ ድምር" አሉ። "በጠቅላላው 330። ባዶ 50፣ አረንጓዴ 257፣ ቀይ 23።" ዝም አሉ። ከዚያ በመነጽራቸው በላይ አሻግረው ማንንም ለይተው ሳያዩ፣ "ትናንት በሥራ መውጫ ስቆጥር ቀዩ 22 ነበር" አሉ።

ማንም አልተናገረም። ሹካዬን አስቀመጥኩ።

"ዘጠነኛው ቀን ነው ጋሼ። የኔ ነው።"

እስክሪብቷቸውን አወጡ። "ዶሮ ነው በግ?"

"በግ።"

ጻፉት። "ስንት ግራም ይሆናል?" አሉኝ።

መጠኑን በጣቶቼ አሳየኋቸው።